የፉርጎዋ ግራ ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1979፤ አሶሳ፣ ጋራዥ፤ 11፡00 ሰዓት

ሁለቱን አግዳሚ ወንበሮች ፈታሁ። ስድስት ብሎን እሺ አለ፤ አራቱ ዝጎ በሰጌቶ መጋዝ ተቆረጠ። ወለሉን በላምባና በሳሙና አጠብኩ። የወጣው ውኃ መጀመሪያ ጥቁር፣ ኋላ ቡናማ። ቡናማው አላልቅ አለ። ሦስት ባልዲ ደፍቼ ተውኩት።

ደብተሬ፣ ሥራው ይህ ነው። ይህችን መስኮት አልባ ፉርጎ መኪና ክረምቱ ሳይገባ ቤት አድርጋት ተብያለሁ። ሲ/ር አበበች ከሆሞሻ መንገድ ወዲያ ባለው የሰፋሪዎች አምባ ክረምቱን ልትከርም ነው። ውስጥ ትተኛለች፣ ውስጥ ታክማለች። እኔ እነዳለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ውጭ በድንኳን አድራለሁ። ከእሷ በፊት የነበረው ድሬሰር ሣር ጎጆ ውስጥ እያደረ ወባ ጨረሰው። የመ/ቤቱ ኃላፊ ወረቀቱ ላይ ፈረመ፤ «ጓድ ድሪባ፣ እስከ ግንቦት ማለቂያ» አለኝ፤ ሄደ። በምን ዕቃ ብሎ አልጠየቀም።

ዕቃዬ፦ ላሜራ ሁለት። ኮምፔልሳቶ አንድ ተኩል። ነጭ ቀለም ግማሽ ጣሳ። ከወደቀ አውቶቡስ የነቀልኩት መስተዋት አንድ። ምላስ እንደልቤ።

ሌላም ነገር አለ። ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፤ ባለቤቴ ያለችው መንዲ ነው። ካቻምና፣ ሰፋሪው በገባበት ዓመት፣ ይህችን መኪና የነዳኋት እኔ ነኝ። በሽተኛ ከአምባ ወደ አሶሳ። ሁሉም አልደረሰም። ለዛሬ ይህ ይበቃል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 21፤ 6፡30

መስኮት። መስተዋቱ አንድ ስለሆነ አንድ ወገን መምረጥ አለብኝ። የጎን በሩ በቀኝ ነው። ነፋስ ገብቶ እንዲወጣ መስኮቱ በግራ መሆን አለበት። ይህ ክርክር የለውም። በጠመኔ ለካሁ፦ ስፋት ሁለት ክንድ፣ ቁመት አንድ።

ጠመኔው አንድ ክብ መሃል ላይ አረፈ። ግራ ግድግዳው ላይ፣ ሰው ቁጭ ሲል ጭንቅላቱ በሚደርስበት ቁመት፣ ጥቁር ክብ አለ። እንጀራ ማቅረቢያ ሰሐን አያክልም። ቅባት ነው፣ የሰው ፀጉር ቅባት። ከታቹ፣ በእጅ ቁመት፣ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያብረቀርቃል። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ከተመታ ቀለም እንዲህ ይላጣል።

በላምባ ፈተግሁ። ሰፋ እንጂ አልጠፋም።

ነገ እቆርጣለሁ። ዛሬ እጄን ደከመኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24፤ 9፡00

አልቆረጥኩም። ሐሙስ ጀነሬተር ተበላሸ አልኩ፤ ዓርብ ሌላ ምክንያት አገኘሁ። ዛሬ ምክንያቱ በእግሯ መጣች።

የገበያ ቀን ነው። ከጋራዡ አጥር ሥር የምታልፍ አንዲት የወሎ ሴት ገባች፤ ቅርጫቷን አስቀምጣ ፉርጎዋን በግራ በኩል ተጠግታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ረመዳን ገብቷል፤ ከንፈሯ ደርቋል። መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች። ሰው ደጃፍ የደረሰች ያህል ሰላም አለች። ለማን እንደሆነ አላወቅሁም። አወቅሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ዘይነባ ናት። የሰይድ ባለቤት። ባሏን ካቻምና ሰኔ በዚህች መኪና ጭኜ ወስጄዋለሁ። መንገድ ላይ ሞተ። ስትጠይቀኝ መ/ቤቱ ንገር ያለኝን ነገርኳት፦ ወደ ላይ ተልኳል። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ማለት ነው። የሁሉም ወረቀት ላይ እንደዚያ ነበር የሚጻፈው። ሞቶ የደረሰ ሰው ብዙ ጥያቄ አለው፤ ወደ ላይ የተላከ ሰው ጥያቄ የለውም።

ዛሬም የጠየቀችኝ ያንኑ ነው። ከላይ ወሬ አለ ወይ? አምባው ውስጥ አንድ ባለ በሬ ሰው ሊያገባት ጠይቋል፤ ደህና ሰው ነው ትላለች። ሽማግሌዎቹ ግን የሕያው ሰው ሚስት ነሽ አሏት። በሃይማኖታቸው ባል ሲሞት ሴቲቱ አራት ወር ከአሥር ቀን በሐዘን ትቀመጣለች፤ ዒዳ ይሉታል፤ ከዚያ ነጻ ናት። ሞት ካልተነገረ ቆጠራ የለም። «ሞቷል ካላችሁኝ እቆጥራለሁ፤ አለ ካላችሁኝ እጠብቃለሁ። መሃሉ ላይ አትተዉኝ ጋሼ ሹፌር» አለች።

እጠይቅልሻለሁ አልኳት። እኔ! ማንን ነው የምጠይቀው?

ስትነሳ ጠመኔውን አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀች። መስኮት ልቆርጥ ነው አልኳት። እዚያስ ላይ ባይሆን አለች። በሩ ሲዘጋ ጭንቅላቱን እዚያ ላይ እንዳስደገፈ አይታዋለች።

ጠመኔውን በእጄ አጠፋሁ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 26፤ 11፡00

መስኮቱን ወደ ኋላ አራት ስንዝር ገፍቼ ቆረጥኩት። ገጠምኩት። አየር ገባ። ሥራዬ ጥሩ ነው።

አሁን አልጋ። ወደ ጎን ላጋድመው አልኩ፤ ስፋቷ አይበቃም፣ እግር ይታጠፋል። ወደ ርዝመቷ በቀኝ ላድርገው አልኩ፤ የጎን በሩን ይዘጋል። በግራ ይሁን። ራስጌው ወደ ኋላ ቢሆን ከኋላ በር ሥር አቧራና ዝናብ ይገባል። ራስጌው ወደ ፊት ይሁን። አስልቼ ስጨርስ የተኛው ሰው ራስ የት ላይ እንደሚያርፍ አየሁ። እዚያው። ክቡ ሥር፣ ቀለሙ የተላጠበት ላይ። እንደገና ከሥር ጀምሬ አሰላሁ። እዚያው።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ውስጥ ተንበርክኬ ሳለሁ ግራ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ወጣሁ። ማንም የለም። ላሜራ ፀሐይ ሲያገኘው ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይንኳኳል፤ ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለማንኛውም ሰዓቱን ጻፍኩ።

አልጋውን ለአናጢ ልስጥ አልኩ። የሆሞሻ መንገድ ላይ የሚኖሩ አቶ ኢድሪስ የሚባሉ የበርታ ሰው አሉ፤ እጃቸው ንጹሕ ነው፤ አማርኛቸው ግን እየተንገዳገደ ነው የሚሄደው። ከሥሩ ዕቃ የሚይዝ አልጋ ስለፈለግሁ ሣጥን አልጋ ሥሩልኝ አልኳቸው። ሣጥን? አሉ። አዎ፣ ሣጥን፤ ሰው ይተኛበታል፤ ክዳን ይኑረው። ለማን አሉ። በእኔ ልክ ይሁን፤ ለእኔ የበቃ ለሲስተር ይተርፋል አልኩ። በሲባጎ ከአናቴ እስከ ተረከዜ ለኩኝ፤ ትከሻዬንም ለኩ። ሲለኩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚቆጥሩ መሰለኝ። ሲሄዱ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 29፤ ማታ 2፡00

ሲስተር ቤቷን ልታይ መጣች። ቀልደኛ ናት፤ ጎንደር ተወልዳ ወንበራ ያደገች፤ ለማንም አትመለስም። እያንዳንዱን ነገር ተከራከርን።

ውኃ፦ እሷ ጀሪካኖቹ ጣራ ላይ ይሁኑ፣ በቧንቧ ይውረዱ አለች። እኔ እምቢ። ውኃ ከላይ ከተጫነ ወንዝ ውስጥ ስትዘም ትገለበጣለች። ሁለት ጀሪካን ከወለሉ ሥር፣ በብረት ቀበቶ። ተስማማች።

ምድጃ፦ እሷ ውስጥ። እኔ ውጭ። የላምባ ጭስ ውስጥ የሚተኛ ሰው አይነቃም። ከኋላው በር ላይ የሚታጠፍ መደርደሪያ ልሠራ ነው፤ ሲከፈት ጠረጴዛ፣ ሲዘጋ በር። ደስ አላት።

ግድግዳ፦ ኮምፔልሳቶ ከባድ ነው፣ ዝናብም ያብጠዋል። የቀርከሃ ሰሌን ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ ሙቀት አያስገባም፣ እዚህ አገር እንደ ልብ ነው። ግራውንም ይሸፍናል። ይህን የመጨረሻውን በሆዴ ነው ያልኩት።

ከዚያ ወጥታ ገባችና እስቲ ዝጋኝ አለች፤ ጨለማው ምን ያህል እንደሆነ ለማየት። የኋላውን በር ዘጋሁት። የጎኑም ዝግ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

እንዴት እንደከፈትኩ አላውቅም። አየችኝና ሳቀች፤ ጋሽ ድሪባ፣ ጅብ ነው ያየኸው አለችኝ። ማን ሁለት ጊዜ አንኳኪ አለሽ ብዬ ጮህኩባት። ከውስጥ እጀታ የለም፣ ታዲያ ምን ላድርግ አለች። እውነቷን ነው። ከውስጥ የሚከፈት በር አልነበረም። ሁለት ዓመት እንዲሁ ነድቻታለሁ።

ከሁሉም በፊት የውስጥ እጀታ ትላለች። በሾፌሩና በኋላው መሃል ያለው ብረትም ተቀዶ ትንሽ መስኮት ይሁን፤ ስጠራህ እንድትሰማ። ዛሬውኑ ጀመርኩ። መሽቶ እስኪያቅተኝ ቆረጥኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4፤ ማታ 1፡00

ዛሬ የሆነውን ሳልስቅ ልጻፈው። አልችልም መሰለኝ።

አቶ ኢድሪስ መጡ። ሁለት ሰዎች አንድ ነገር በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ተሸክመዋል። ቀስ ብለው አወረዱት። ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው «ያ ኡስታ፣ ደህና ነህ? በሽታው እንዴት ነው?» አሉ፤ ኡስታ የሚሉት ባለሙያ ሰውን ነው። ምን በሽታ አልኩ። ጨርቁን ገለጥኩ።

ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ ጠባብ። ስድስት ሳንቃ፣ ዋንዛ፣ እንደ መስተዋት የተላገ። ክዳኑ ለብቻው፣ ስምንት ምስማር በጨርቅ ተቋጥሮ። በእኔ ልክ የተሠራ የሬሳ ሣጥን።

ሲስተር መሬት ላይ ተቀመጠች። ነገሩን ሳስረዳቸው ሽማግሌው ግንባራቸውን መቱ፦ «አንተ ሣጥን አለ። ሰው ይተኛል አለ። ክዳን አለ። አሁን አልጋ ይላል! እኔ ለአንተ አለቀሰ። አንገረብ ብትል አንገረብ ሠራ ነበር!» አንገረብ የሚሉት በገመድ የሚወጠረውን አልጋቸውን ነው። ክርስቲያን በሣጥን እንደሚቀበር ከተማ ውስጥ አይተዋል፤ እኔ የማልድን መስሏቸው ሳምንቱን ሙሉ ዱአ አድርገውልኛል። እኔም ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ።

ሳቁ ሳያልቅ ፉርጎዋን ዞረው አዩ። ከኋላ በሩ ፊት ቆሙ። ሳቃቸው ሄደ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄ መኪና እኔ ያውቃል። ያን ጊዜ ሣጥን አልነበረም። ወንዙ ዳር፣ እኔ አየ» አሉ።

መዶሻ ልፈልግ ብዬ ሄድኩ። መዶሻው እጄ ላይ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሲስተር ሰማች። አልጠየቀችኝም፤ ግን ቀኑን ሙሉ አልቀለደችም። ሣጥኑን የመድኃኒት ማስቀመጫ እናደርገዋለን፤ ጠባቡን ጫፍ ቆርጬ አራት ማዕዘን አደረግሁት። ሽማግሌው ዓርብ አንገረብ ያመጣሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ግራውን ግድግዳ ስቱኮ ቀባሁ፣ አሸዋ ወረቀት አሸሁ፣ ነጭ ቀለም ሁለት ጊዜ። ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ነበር። ማታ ክቡ ወጥቷል፤ ቢጫ ሆኖ።

ቅባት ቀለምን ያሳልፋል። የታወቀ ነው። ሰሌኑ ይሸፍነዋል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8፤ 8፡00

ዘይነባ መጣች። ተቀመጠች። መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች። ቀለሙን አይታ ቤት ሆነች አለች፤ ቤት በመሆኗ የተከፋች አትመስልም። ለሲስተር ሁለት ማንጎ ሰጠቻት። ባለ በሬው እስከ መኸር እጠብቃለሁ ብሏታል፤ ከዚያ ወዲያ አይጠብቅም።

ከላይ ወሬ አለ ወይ?

አፌን ከፈትኩ። መልስ አልመጣም አልኳት። መልሱ ከጠያቂዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል። ስትሄድ ጀርባዋን አየሁና ራሴን ጠላሁ። ምን እንደምፈራ ልጻፍ፦ እስር እፈራለሁ። መንዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ስንት ሰው እስር ቤት እንደገባ አይቻለሁ። በአንድ ቃል የአብዮቱ ጠላት ትባላለህ። ከእስሩ ይበልጥ ደግሞ የምፈራው ፊቷን ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 17፤ 8፡30

ዝናብ ጀመረ። ሰሌኑ ተመታ፣ አንገረቡ ገባ፣ እጀታው ይሠራል፣ የሾፌሩ መስኮትም ይከፈታል። አጎበሩ በአራት ቀለበት ተሰቀለ። ጣራው ያፈስስ እንደሆነ ልይ ብዬ ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ዘግቼ አንገረቡ ላይ ተጋደምኩ። ጠብታ የለም። ደረቅ። የዝናቡ ድምፅ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር።

ጆሮዬ ሥር ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

ሞተሩ ከትናንት ጀምሮ አልተነሳም። ፀሐይ የለም። ዝናቡ ጣራ ላይ ነው፤ ይህ ከጎን ነው። ቆየ። እንደገና፣ ሁለት ጊዜ። በሰሌኑና በስቱኮው ውስጥ አልፎ፣ ታጋሽ የሆነ ማንኳኳት። እጀታው እያለ እጀታውን ረሳሁት፤ እኔም ግድግዳውን ደበደብኩ። ሲስተር ከፈተችልኝ። ውኃ ሰጠችኝ።

ደብተሬ፣ ከዚህ በኋላ አልደብቅህም። በሽተኛ ስጭን ሁልጊዜ የምለው ነበረኝ፦ የባሰበት ሰው ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ያንኳኳ፣ አቆማለሁ። በዚያ ሰኔ ወንዙ እየሞላ ነበር። ከቆምኩ አላልፍም። ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ነዳሁ። ቆይቶ ሁለት ጊዜ። ነዳሁ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ቀለም እስኪላጥ ድረስ ነው። ተሻግሬ ስከፍት ሰይድ ግድግዳውን ተደግፎ ሞቷል። ከጎኑ የነበረችው ሴት እጁን ይዛለች። እሷም እዚያው ወንዙ ዳር፣ ከዓይኔ ሥር ሞተች። ሬሳ ወደ ከተማ አታስገባ ተብዬ ነበር። እኔና አጃቢው ታጣቂ ማንጎ ሥር ቆፈርን፤ ቸኩለን። ሌሎቹን ይዤ አሶሳ ገባሁና ለሁለቱ ወደ ላይ ተልከዋል ብዬ ፈረምኩ። ታጣቂውን ኋላ ላይ ወደ ሌላ አገር አዛወሩት።

ባቆም ይድን ነበር? ሲስተር አይድንም ነበር ትለኝ ይሆናል። ግን ሰው ሲጠራ ይቆማል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20፤ 4፡00

ኃላፊው መጥቶ አየ። አጎበሩን ነካ፣ አልጋውን ነካ፣ አጨበጨበ። በሪፖርት ላይ ይገባል አለ። ብቻችንን ስንሆን ስለ ካቻምናዎቹ ሙታን ልጠይቀው ሞከርኩ፤ ለቤተሰብ ቢነገር ብዬ። ፊቱ አልተቆጣም፤ ደከመው። የተዘጋ ነገር ነው ጓድ ድሪባ፣ አንተም ፈርመሃል አለኝ። ፈርሜያለሁ።

ከተማው ኢድ ነው። ሕፃናት አዲስ ልብስ ለብሰው በአጥሩ ሲያልፉ አየሁ። እሑድ እንነሳለን።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22፤ 9፡30

ነገርኳት።

ዘይነባ ስትመጣ ሲስተር ነበረች፤ ቁሚልኝ ብያት ቆማለች። መግቢያ አልፈለግሁለትም። ሰይድ ሞቷል፣ በዚህች መኪና ውስጥ፣ እኔ ስነዳ፣ ሲያንኳኳ ሳላቆም፤ ወንዙ ዳር ቀበርኩት፤ ወደ ላይ ያልኩሽ ውሸት ነው። እንዲህ ነው ያልኩት፤ በአንድ ትንፋሽ።

አላለቀሰችም። ቀኑን ጠየቀችኝ። ሰኔ አልኳት፣ ከወሩ አጋማሽ በፊት። ጣቶቿን አጣጥፋ መቁጠር ጀመረች፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ጥቅምት ላይ ቆመች። አቶ ኢድሪስ በአጋጣሚ የአንገረቡን ገመድ ሊያጠብቁ መጥተው ነበር፤ እሳቸውን አየቻቸው። ዒዳ ከሞተበት ቀን ነው የሚቆጠረው፣ ከተነገረበት አይደለም አሏት፤ ያንቺ አልቋል፣ ነጻ ነሽ።

«አለቀ?» አለች። «እኔ ውኃ ስቀዳ፣ እኔ ገበያ ስወጣ፣ ሐዘኔ ብቻውን ተቀምጦ ጨረሰ?» ወደ እኔ ዞረች። «ባሌንስ አላህ ወሰደው። ሐዘኔን የወሰድክብኝ አንተ ነህ።» እስከ ዛሬ አንቱ ስትለኝ ነበር።

ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ አሳየኝ አለች። ነገ በዚያ በኩል ነው የምናልፈው። ከእኛ ጋር ትሄዳለች፤ አቶ ኢድሪስም እመጣለሁ ብለዋል። መ/ቤቱ ተሳፋሪ ከልክሏል። ይከልክል።

እሑድ፣ ግንቦት 23፤ አምባ፤ 11፡30

ደርሰናል። ሲስተር ውስጥ ሰዎች እያየች ነው፤ ሰልፉ በሩ ላይ ቆሟል። ፈርተው የሚሸሹ መስሎኝ ነበር። ዘይነባ ከመኪናዋ ስትወርድ አይተው ነው የመጡት።

ጠዋት 12፡00 ተነሳን። ሲስተርና ዘይነባ ከእኔ ጋር ፊት፣ አቶ ኢድሪስ ኋላ፣ ትንሿ መስኮት ክፍት። ወንዙ ገና አልሞላም። ሳልሻገር አቆምኩ፣ ሞተር አጠፋሁ። ማንጎው አለ። ሥሩን አሳየሁ፤ እዚህ ነው አልኳት።

አቶ ኢድሪስ ከኋላ ወርደው ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ አይደለም አሉ። እዚያ ውኃ ይመጣል።

በቀርከሃው መሃል ወደ ላይ መሩን። ደረቅ ጉብታ አለ፤ ሣሩ የታጨደ። ድንጋዮች፣ በአንድ ረድፍ፣ በአንድ አቅጣጫ። ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ። እኔ በየጉዞው በዚህ ወንዝ ዳር የቀበርኳቸው ሰባት ናቸው። አቶ ኢድሪስ የሌላም መኪና ነበር አሉ፤ ያንተ ብቻ አይደለም።

በዚያች ሰኔ እኔ ስሄድ እሳቸው ከመንደራቸው ሰዎች ጋር መጥተው አፈሩን ገልጠው ሬሳውን ወደዚህ አወጡት። አጠቡ፣ ገነዙ፣ ሰገዱ፣ የሟቾቹን ፊት ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ አዞሩ። ከዚያ በኋላ መኪና በቆመ ቁጥር ወርደው ያያሉ። ክርስቲያን ቢኖርባቸውስ ብላ ሲስተር ጠየቀች። «እኛ ስም አያውቅም። ሃይማኖት አያውቅም። ደይፍ ብሎ ቀበረ» አሉ። ደይፍ እንግዳ ማለት ነው። ለምን አልተናገራችሁም አልኳቸው። ለማን? አሉ። ማን ጠየቀ?

የሰይድን ድንጋይ አሳዩዋት። ያወቁት በግራ እጁ ነው፤ ሁለት ጣት የለውም ነበር አሉ። ዘይነባ አዎ አለች። ያኔ አለቀሰች። ከድንጋዩ ራቅ ብላ ተቀምጣ፣ እስኪበቃት። ማናችንም ቶሎ በይ አላልናትም። ስትነሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ አልቋል ቢሏትም አራት ወር ከአሥር ቀኗን ዛሬ አንድ ብላ ልትጀምር ነው። ባለ በሬው ከጠበቀ ይጠብቅ።

ልንሄድ ስንል አቶ ኢድሪስ እጄን ያዙ። ድንጋዮቹን አሳዩኝ። «ያ ኡስታ፣ ስም ስጠን» አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

የጉዞ መዝገቡ ላይ ስም የለም፤ በሽተኛ ሁለት፣ በሽተኛ ሦስት ነው የሚለው። ስማቸው ያለው እኔ ራስ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ወስኛለሁ። የሰባቱን ስም እጽፋለሁ፣ በየአምባው ለየቤታቸው በአፌ እነግራለሁ፣ ለአቶ ኢድሪስም ድንጋዩ ላይ እንዲቀርጹ እሰጣለሁ። የሚመጣው ይምጣ። በዚህ ገጽ ልጀምር።

አንደኛ ድንጋይ፦ ሰይድ አሊ። ባለቤቱ ዘይነባ።

ሁለተኛ ድንጋይ፦ ሴት። ከጎኑ የነበረችው፣ እጁን የያዘችው። ስትሳፈር ስሟን ነግራኝ ነበር፤ አንድ ነገር ብሆን ለወንድሜ ንገርልኝ ብላ። እንዳልረሳው ሁለት ጊዜ ደግማልኛለች። እሺ ብያታለሁ። ስሟ… ስሟ ጠፋኝ።